ጊምፕ 3.0፦ ስለ አዲሱ እትም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊምፕ በነፃ የሚገኝ የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው። 3.0 የተባለው እትሙ የወጣው መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 16 ቀን 2025። ከእሱ በፊት የነበረው ትልቅ እትም 2.10 ሲሆን የወጣው ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ አስጠብቆናል። ይህን ያህል ጠብቆ ለመጣ ነገር ጥያቄው ቢበዛ አይገርምም። ጓደኞቼ፣ ፎቶ ቤት ያላቸው ሰዎችና ገና ኤዲቲንግ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። የሜኑ ስሞችን እንግሊዝኛው ላይ እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ፤ ሁላችንም የምንጠቀመው በዚያው ስለሆነ።

ብዙ ነገር ተጨምሯል ይባላል። አንዱን ብቻ ንገረኝ፤ ዋናው የትኛው ነው?

መመለስ መቻል። ለእኔ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

በ2.10 ፎቶው ላይ ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያ) ወይም ብለር (ማደብዘዣ) ስታደርጉ ፊልተሩ ፒክስሉን፣ ማለትም ፎቶው የተሠራበትን ነጥብ ራሱን፣ ይለውጠው ነበር። ካልጣማችሁ ኮንትሮል ዜድ ነው። ፋይሉን ዘግታችሁ ከወጣችሁ ግን አለቀ፤ በማግስቱ ከፍታችሁ «ትናንት የጨመርኩትን ብርሃን ትንሽ ልቀንሰው» ማለት የለም። ወይ ኮፒ ሌየር (ሌየር ማለት ፎቶው ላይ እንደ ወረቀት የሚደረብ ንብርብር ነው) አስቀድማችሁ መያዝ ነበረባችሁ፣ ወይ እንደገና «ሀ» ብላችሁ መጀመር።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛ የእናቷን ፎቶ አመጣች። እናትየው ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመዋል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ነጠላው ከመንጣቱ የተነሳ ጥለቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ፊታቸው ደግሞ ጥላ ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል። ከለርስ ሜኑ ውስጥ ካለው ሻዶውስ-ሃይላይትስ ገብቼ ጥላውን ከፍ፣ ነጩን ዝቅ አደረግኩ። ጥለቱ ወጣ፣ ፊታቸውም በራ። ደስ ብሎኝ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች። «እናቴን ቀይ አደረግካት እኮ! እሷ ጠይም ናት።»

እውነቷን ነበር። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ትናንት ያደረግኩትን ፊልተር ከፈትኩ፣ የሻዶውስ ቁጥሩን ከ60 ወደ 25 መለስኩት። የነጠላውን ጥለት አልነካሁትም። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በድሮው ጊምፕ ቢሆን ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ ፊልተር በኋላ ሌሎች አራት ነገሮች ደራርቤበት ነበር።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልበል። ፎቶው ሲነሳ ጨርሶ የነደደ ነጭ ማንም ፕሮግራም አይመልሰውም። የጠፋ ጥለት የሚመለሰው ትንሽም ቢሆን ፎቶው ውስጥ ካለ ነው።

እና ያንን ያስቀመጥኩትን ፊልተር የት ነው የማገኘው?

ፊልተር ስታደርጉበት የሌየሩ ስም ጎን «ኤፍኤክስ» የምትል ትንሽ ምልክት ትወጣለች። እሷን ስትጫኑ ሌየሩ ላይ ያሉት ፊልተሮች ተደርድረው ይታያሉ። ዓይኗን ስታጠፉ ፊልተሩ ለጊዜው ይደበቃል። ከፍታችሁ ቁጥሩን መቀየር፣ ወደ ላይ ወደ ታች ማዘዋወር፣ መሰረዝ፣ ወይም ከሌየሩ ጋር ማዋሃድ ትችላላችሁ።

ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ብለር አድርጎ ሻርፕ ማድረግና ሻርፕ አድርጎ ብለር ማድረግ አንድ አይደለም። ሞክሩት፤ በአንድ ክሊክ ስለሚቀያየር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

በድሮው መንገድ መሥራት የሚፈልግ ሰው የፊልተሩ መስኮት ግርጌ ላይ «መርጅ ፊልተር» የምትለዋን ምልክት ያድርግ። ያኔ ፊልተሩ በቀጥታ ፒክስሉ ላይ ያርፋል።

እና ሁሉም ነገር መመለስ ይችላል ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መመለስ የሚቻለው ፊልተሩና የከለር ማስተካከያው ነው። በብሩሽ የቀባችሁት፣ በክሎን ወይም በሂል የደመሰሳችሁት ብጉር፣ ያሳነሳችሁት ሳይዝ እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ የፊት ነጠብጣብ ስታጠፉ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱና እዚያ ላይ ሥሩ፤ ሂል ቱሉ ላይ «ሳምፕል መርጅድ» የሚለውን ምረጡ። ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀመጣል።

አንዳንድ የቆዩ ፊልተሮችም ገና ወደ አዲሱ አሠራር አልገቡም። እነሱን ስትጠቀሙ ኤፍኤክስ ምልክቷ አትመጣም። ካልመጣች ፒክስሉ ተለውጧል ማለት ነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ይሄ ነገር አያንቀራፍፈውም?

ያንቀራፍፋል፤ አልዋሽም። ፊልተሩ ሕያው ሆኖ ስለሚቀመጥ ሥር ያለውን በነካችሁ ቁጥር እንደገና ይሰላል። አንድ ትልቅ ፎቶ ላይ ስድስት ሰባት ፊልተር ደርድራችሁ ብሩሽ ይዛችሁ ብትገቡ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ያቃስታል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ብሩሽ ስይዝ የፊልተሮቹን ዓይን አጠፋለሁ። ቀብቼ ስጨርስ እመልሳቸዋለሁ። ከእንግዲህ አልነካውም ያልኩትን ፊልተር ደግሞ አዋህደዋለሁ። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሲስተም ሪሶርስስ የሚባል ገጽ አለ፤ ፕሮግራሙ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስድ እዚያ ይወሰናል። ብሮውዘር ላይ ሃያ ታብ ከፍታችሁ ጊምፕን አትውቀሱ።

ብዙ ሌየር በአንዴ መምረጥ ይቻላል ወይ?

ይቻላል! ይሄንን ለስንት ዓመት ስንለምን ነበር። ኮንትሮል ይዛችሁ አንድ በአንድ፣ ሺፍት ይዛችሁ ደግሞ ከዚህ እስከዚያ ያለውን በሙሉ ትመርጣላችሁ። ከዚያ አብራችሁ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ታሳንሳላችሁ፣ ግሩፕ ታደርጋላችሁ፣ ትሰርዛላችሁ። ሌየሮችን ታያይዝ የነበረችው የድሮዋ የሰንሰለት ምልክት በዚህ ምክንያት ቀርታለች። ብሩሽ ግን አሁንም የሚሠራው በአንድ ሌየር ላይ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ትንሽ ይመስላል። ጉርድ ፎቶ የሚያወጣ ሰው ግን ይገባዋል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 354 በ472 ፒክስል ናት። 10 በ15 ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት ስትደረደር ዘጠኝ ትገባለች። ድሮ ዘጠኙን አንድ በአንድ እየጎተትኩ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ መስመር አስይዝ ነበር። አንዷ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘም ነበር፤ መቀስ ሲያዝ ነው የሚታወቀው። አሁን የመጀመሪያውን ረድፍ ሦስቱን መርጬ አላይን ቱል ላይ «ዲስትሪቢዩት» እላለሁ። ክፍተቱ እኩል ይሆናል። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ኮፒ አድርጌ ሁለት ጊዜ ወደ ታች አወርዳለሁ።

ቪው ሜኑ ውስጥ ሁለት አዳዲስ የስናፕ ምርጫዎችም አሉ። አንደኛው ሌየሩን ከሌላው ሌየር ጠርዝና መሐል ጋር ያጣብቃል። ሁለተኛው ክፍተቱ እኩል ሲሆን ራሱ ይይዝላችኋል። ሁለቱንም አብርታችሁ ተዉአቸው።

አማርኛ ይጽፋል?

ይጽፋል፤ ድሮም ይጽፍ ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የግዕዝን ፊደል ካካተተ ከፈረንጆቹ 1999 ወዲህ የተሠሩ ፎንቶች፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኒያላ፣ ያለ ችግር ይሠራሉ። ኪቦርዳችሁን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ምስሉ ላይ በቀጥታ ትጽፋላችሁ። አዲስ ፎንት ስትጭኑ ጊምፕ ክፍት ከነበረ የፎንት ዝርዝሩን ሪፍሬሽ ማድረግ አትርሱ። 3.0 ላይ የፎንት አያያዙም ተሻሽሏል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፎንቶች ድሮ እርስ በርሳቸው ይደባለቁ ነበር።

ፎንቱን ብቀያይርም አማርኛው አይለወጥም። ለምን?

የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ ፊደላችን ስለሌለ ነው። የላቲን ብቻ የሆነ ያማረ ፎንት ስትመርጡ ፕሮግራሙ የአማርኛውን ከሌላ ፎንት ይዋሳል። እንግሊዝኛው ይለወጣል፣ አማርኛው ግን ያው ነው። መፍትሔው የኢትዮፒክ ፎንት ራሱን በስሙ መምረጥ ነው።

ሌላ ዓይነት ችግርም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ስታመጡት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። እነዚያ ፎንቶች ፊደሎቹን ያስቀመጡት በላቲኖቹ ቦታ ላይ ነበርና ነው። እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ይሻላል። የሰርግ ካርድ ከሆነ ደግሞ አንዲት መስመር ናት፤ አትሰነፉ።

ጽሑፉ ዙሪያ መስመር ማድረግ ቀለለ የሚባለውስ?

በጣም። ድሮ ጽሑፉን ወደ ፓዝ (የቅርጽ መስመር) ቀይሮ፣ ሌላ ሌየር ከፍቶ፣ ስትሮክ ማድረግ፣ ማለትም በመስመሩ ላይ ቀለም ማስኬድ፣ ነበረብን። ከዚያ ደንበኛው «የስሜ ፊደል ተሳስቷል» ካለ ሁሉም ይደገማል። አሁን ቴክስት ቱሉ ራሱ ላይ «ስታይል» የሚል አለ። መስመር ብቻ፣ ወይም ከነሙሌቱ መስመር ትመርጣላችሁ፤ ቀለሙንና ውፍረቱን ትወስናላችሁ። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል። ፀሐይን ወደ ጸሐይ መቀየር ቢያስፈልግ ገብቶ ፊደሏን መቀየር ብቻ ነው፤ መስመሩ ይከተላል።

ለዩቲዩብ ታምኔይል የሚሠሩ ልጆች ይሄንን ወደውታል። እኔ ደግሞ ሌላ ጥቅም አግኝቼበታለሁ። ብዙ የአማርኛ ፎንቶች ቦልድ የላቸውም። የመስመሩን ቀለም ከፊደሉ ቀለም ጋር አንድ ካደረጋችሁት ፊደሉ ይወፍራል። አታብዙት ብቻ፤ የ«ወ» እና የ«ፀ» ቀዳዳ ይደፈንና ከሩቅ ምን እንደሆኑ አይታወቅም።

ፔስት ያደረግኩት ነገር ድሮ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። አሁንስ?

ቀረ። አሁን ፔስት ስታደርጉ በቀጥታ አዲስ ሌየር ይሆናል። «ፍሎቲንግ ሴሌክሽን» የምትለዋ ነገር ስንቱን ጀማሪ አማርራ ወደ ፎቶሾፕ እንደሸኘች እግዜር ይወቀው።

የፎቶሾፕ ፋይል ይከፍታል?

ፒኤስዲ ይከፍታል፤ አከፋፈቱም ከድሮው ተሻሽሏል። ሌየሮቹ፣ ማስኮቹና ጋይዶቹ ይመጣሉ። ስማርት ኦብጀክትና አጀስትመንት ሌየር ግን ፎቶሾፕ ላይ እንደምታውቋቸው ሆነው አይመጡም። ከጓደኛችሁ ተቀብላችሁ ለማየት፣ ሎጎውን ለይቶ ለማውጣት ይበቃል። አንድን ፋይል በየቀኑ በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ለማመላለስ ከሆነ ግን ራስ ምታት ነው።

ማተሚያ ቤቱ «ሲኤምዋይኬ አምጣ» ይለኛል። አሁን ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን እንዴት እንደሚቻል መረዳት አለባችሁ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ አርጂቢ ይባላል። ማተሚያ ደግሞ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም፤ ሲኤምዋይኬ የሚባለው ይሄ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ ያንን ብርሃን የሚያክል ቀለም ማተሚያው የለውም።

3.0 ሥራውን የሚሠራው አሁንም በአርጂቢ ነው። በሲኤምዋይኬ ሞድ ቁጭ ብሎ ኤዲት ማድረግ የለም። አዲሱ ነገር ይህ ነው፦ ኢሜጅ ሜኑ ውስጥ ከለር ማኔጅመንት ጋ ገብታችሁ የማተሚያውን ፕሮፋይል (ማተሚያው ቀለሙን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) እንደ «ሶፍት ፕሩፍ» ትሰጡታላችሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ወረቀቱ ምን እንደሚመስል በግምት ታያላችሁ። ምርጫችሁ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ኤክስፖርት ስታደርጉ ደግሞ ጄፔግ፣ ቲፍ ወይም ፒኤስዲ ላይ በዚያ ፕሮፋይል ወደ ሲኤምዋይኬ እንዲቀይር ምልክት ታደርጋላችሁ።

ፕሮፋይሉን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ። «ምን እሱ?» ካሏችሁ ግን አትጨቃጨቁ፤ አንዲት ትንሽ ቁራጭ በናሙና አሳትሙና በዓይናችሁ እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ናሙና ሳላይ 200 ካርድ አሳትሜ የሙሽራዋ ቀሚስ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከኪሴ ከፈልኩ።

ባክግራውንድ በአንድ ክሊክ ያጠፋል? ኤአይ አለው?

የለውም። ጽሑፍ ጽፈህለት ሥዕል የሚፈጥር፣ ወይም በአንድ ክሊክ ሰው ከጀርባው የሚለይ ነገር 3.0 ውስጥ አብሮ አልመጣም። ፎርግራውንድ ሴሌክት የሚባለው ቱል አለ፤ ሰውየውን በግምት ትከቡና በውስጡ ቀባ ቀባ ስታደርጉ ጠርዙን ያሰላል። ተሰብስቦ ለተሠራ ፀጉር ይበቃል። ለአፍሮ ጊዜ ይፈልጋል።

ለጉርድ ፎቶ ነጭ ጀርባ የምትፈልጉ ከሆነ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያውኑ ነጭ አንሶላ ሰቅላችሁ አንሱ። ከኤዲቲንግ አንሶላ ይረክሳል።

በቀጥታ ክብ መሳልስ?

3.0 የቅርጽ መሣሪያ የለውም። ኤሊፕስ ሴሌክት አድርጋችሁ፣ ከኤዲት ሜኑ ስትሮክ ሴሌክሽን በሉ። አዎ፣ ያናድዳል።

የካሜራና የስልክ ፎቶ ሁሉ ይከፍታል?

የአይፎኑን ሄይክ ይከፍታል። ጄፔግ ኤክስኤልም ይከፍታል፣ ያስቀምጣልም። የካሜራ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ግን በራሱ አይከፍትም። ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ የሚባሉትን ስትጭኑ ሮው ፋይሉን ወደ እነሱ ይመራላችኋል፤ እዚያ አስተካክላችሁ ወደ ጊምፕ ታመጣላችሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ስልኬ ላይ ልጭነው?

አይቻልም። ለአንድሮይድም ለአይፎንም የተሠራ ይፋዊ ጊምፕ የለም። በስሙ የሚነግድ አፕ ካያችሁ አልፋችሁት ሂዱ።

ድሮ የጫንኳቸው ፕለጊኖች ለምን ጠፉ?

3.0 ከፕለጊኖች (ሌሎች ሰዎች ሠርተው ከሚጨመሩበት መሣሪያዎች) ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ስለተለወጠ ነው። በ2.10 በፓይተን 2 የተጻፉት አይሠሩም፤ ደራሲዎቻቸው ለአዲሱ ማስተካከል አለባቸው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ጂሚክ የተባለው የፊልተሮች ፕለጊን ለ3.0 የሚሆን እትም አለው። ያለ እሱ ሥራዬ አይሄድም የምትሉት ፕለጊን ካለ፣ ከመቀየራችሁ በፊት መምጣቱን አረጋግጡ። ፕሮግራመር ከሆናችሁ ደግሞ አሁን በፓይተን 3፣ በጃቫስክሪፕት፣ በሉዋና በቫላም መጻፍ ትችላላችሁ።

ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀ?

አንዱ ምክንያት መሠረቱ መለወጡ ነው። የፕሮግራሙ መስኮትና ቁልፍ ሁሉ የሚሠራው ጂቲኬ በሚባል መሣሪያ ነው። የሚገርመው፣ ጂቲኬ ራሱ የተወለደው ለጊምፕ ተብሎ ነው። ጊምፕን በፈረንጆቹ 1995 የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የሚባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ጂቲኬ 3 የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ጊምፕ ገና ወደ እሱ ሳይሻገር ጂቲኬ 4 በ2020 መጣ። ልጁ አባቱን ጥሎት ሄደ ማለት ነው።

የሚሠሩት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በፈቃደኝነት። የሽግግሩ ጥቅም ለእኛ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ነው። ባለ ብዙ ፒክስል ስክሪን ላይ ምልክቶቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አያንሱም። የሥዕል ታብሌትም በደንብ ይሠራል። የጨለማና የብርሃን መልክም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ሊቀያየር ይችላል።

በእውነት ነፃ ነው? የት ላውርደው?

ነፃ ነው። ፈቃዱ ጂፒኤል 3 ነው፤ ለንግድ ሥራ ብትጠቀሙበትም የሚጠይቃችሁ የለም። በየወሩ የሚቆረጥ ዶላር የለም፣ የውጭ አገር ካርድ አያስፈልግም። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ በፍላሽ ተቀብለን፣ ከእሱ ጋር ስንት ቫይረስ አብረን እንደጫንን የምናውቅ እናውቃለን።

የምታወርዱት ከጊምፕ ዶት ኦርግ ነው። ማይክሮሶፍት ስቶር ላይም አለ። ኔትወርካችሁ መሐል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ በቶረንት የማውረጃ ምርጫ አለ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ፣ ማክ ላይ ደግሞ ቢግ ሰር እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ 2.10 ላይ ቆዩ። ሊኑክስ ላይ ፍላትፓክም አፕኢሜጅም አለው። ስታወርዱ ከ3.0 መስመር የመጨረሻውን ምረጡ፤ የመጀመሪያው በወጣ በሳምንቱ 3.0.2 የወጣው ስህተቶችን ለማረም ነበር።

መብራት ቢጠፋ ሥራዬ ይተርፋል?

ካላስቀመጣችሁት አይተርፍም። ፕሮግራሙ ራሱ ሲበላሽ ሥራውን ለማዳን ይሞክራል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ለመሞከርም ጊዜ የለውም። በየደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጥ ነገርም አብሮት አልመጣም። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ሰዎች እጃችሁ ኮንትሮል ኤስን ይልመድ። እኔ ቡና ለመቅዳት ስነሳ እንኳን ሳላስበው እጫነዋለሁ።

በ3.0 የሠራሁትን ጓደኛዬ በ2.10 ይከፍተዋል?

አዲሶቹን ነገሮች ከተጠቀማችሁ አይከፍትለትም። የ2.10ን ፋይል 3.0 ይከፍታል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ለእሱ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ላኩለት።

ለደንበኛ የትኛውን ፋይል ልስጥ?

ጄፔጉን ስጡ፣ ኤክስሲኤፉን ያዙ። ኮንትሮል ኤስ የሚያስቀምጠው ኤክስሲኤፍ ነው፤ ሌየሩም ፊልተሩም ያለው እዚያ ነው። ጄፔግ ለማውጣት ኮንትሮል ሺፍት ኢ ነው። አንዳንድ ልጆች ጄፔጉን አውጥተው፣ ሲዘጉ «ይቀመጥ ወይ?» ሲላቸው «አይ» ብለው ይወጣሉ። ደንበኛው ሲመለስ በእጃቸው ያለው ጠፍጣፋ ምስል ብቻ ነው።

ያቺ የእናቷን ፎቶ ያመጣች ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። ለግድግዳ በትልቁ ማሳተም ፈልጋለች። «ደግሞ ትንሽ ፈካ ቢልስ?» አለች። ፋይሉን ከፈትኩና ኤፍኤክሷን ተጫንኩ። 25 የነበረውን 32 አደረግኩት።